ለባሮ ሽንኩርት የተላኩ ሽማግሌዎች

«የባሮ ሽንኩርቷን አንገት ሰብራለች ነው የሚሉት። ውሸት ነው፤ አልተሰበረም፣ ትንሽ ዞር ነው ያለው» አለች ሂሩት።

አምሃ ስልኩን ከስኳሩ ብርጭቆ ጋር አስደግፎ፣ ረቡዕ ስለሆነ ሻዩን በባዶው እየጠጣ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር ያለችው ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ስለማታስቆም፣ የእህቱ ድምፅ ከዙሪክ መጥቶ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው የሚጨቃጨቅ ይመስል ነበር። ሽንኩርት አንገት እንዳለው ሰምቶ አያውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ሽንኩርት ሲከትፍ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነውና፣ በዚህ ጉዳይ ማንም አያስተምረውም ብሎ ያምናል። እህቱ ግን እያለቀሰች ስለነበር አላረማትም።

ነገሩን ለመረዳት አርባ ደቂቃ ፈጀበት። የሂሩት አንድ ልጅ ያኔት፣ ዙሪክ ውስጥ ኦርሊኮን ባለ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ የኮሌጁ የእጅ ኳስ ቡድን ማስኮት ናት። ማስኮት ማለት ቡድኑ ሲጫወት አንድ ነገር ለብሶ ሜዳ ዳር የሚዘልና ሕዝቡን የሚያስጨበጭብ ሰው ነው። ሌላው ዓለም አንበሳና ንስር ይለብሳል። በዚህ ውድድር ያሉ ትምህርት ቤቶች ግን ማን የበለጠ መሳቂያ እንደሚሆን የሚሽቀዳደሙ ይመስላል። የአንዱ ማስኮት ጨዋታው እስኪያልቅ የሚተኛ ድብ ነው። የሌላው እርጥብ ካልሲ ነው። ኦርሊኮን ድሮ የፋብሪካ ሰፈር ስለነበር የያኔት ቡድን «ብሎኖቹ» ይባላል፤ እሷም ከስፖንጅ የተሠራ፣ ብርማ ቀለም የተቀባ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ራስ ያለው የሁለት ሜትር ብሎን ትለብሳለች። አምሃ ባለፈው ዓመት ከቅዳሴ በኋላ «የእህቴ ልጅ ለኮሌጇ ቡድን ትሰለፋለች» ብሎ ያወራው ይህንኑ ኖሯል።

ከአንድ ወር በፊት የካሩዥ ኮሌጅ ቡድን ከጄኔቭ ኦርሊኮን ድረስ ሄዶ ተጫወተ። የካሩዦች ማስኮት ባሮ ሽንኩርት ነው፤ ከታች ነጭ፣ ከላይ አረንጓዴ፣ ቅጠሉ የሚወዛወዝ። ለዕረፍት ሲወጡ ብሎኗ ከአዳራሹ ጫፍ ተነሥታ፣ ሜዳውን ሮጣ አቋርጣ፣ ባሮ ሽንኩርቷን በጭንቅላቷ ሆዷ ላይ መታቻት። ባሮ ሽንኩርቷ የውኃ ጠርሙሶቹን ተሻግራ ጡሩምባ ነፊዎቹ ላይ ዐረፈች። አራት መቶ ሰው አይቷል። ውስጧ የነበረችው ደግሞ ተማሪ ሳትሆን የካሩዥ ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህርት ሆና ተገኘች። እነሆ ዛሬ በአሥር ሰዓት የኦርሊኮኑ ኮሌጅ የሥነ ሥርዓት ጉባኤ ይቀመጣል። ጥፋተኛ ናት ካለ ያኔት ለማቱራ፣ ማለትም ለመጨረሻው ፈተና፣ ዘንድሮ አትመዘገብም። አንድ ዓመት ቀለጠ ማለት ነው።

«ለምን መታሻት ሲሏት ምን አለች?»

«ምንም። ለእኔም ምንም። የብሎኑ ዓይን ጠባብ ነው፣ አላየኋትም በይ ብላት፣ ‹አየኋት እኮ፣ ሆን ብዬ ነው› ትለኛለች። አንድ ወር ሙሉ ከዚህ ሌላ ቃል የላትም።»

«አንድ ወር ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

የእሱ ማቀዝቀዣም የእሷ ማቀዝቀዣም ሲያጉረመርሙ ተሰማ። አምሃ መልሱን ያውቀዋል። እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ባልና ሚስት አስታርቆ ዘጠኙ ተፋተዋል፤ ከዘጠኙ አንዷ ሂሩት ናት። እሱ እንደሚለው ዕርቁ ምንም አይወጣለትም ነበር፣ ሰዎቹ ናቸው ያበላሹት። እሷ ግን ወንድሟን ዳግመኛ ሽማግሌ አድርጋ ላለመጥራት ለራሷ የማለች ይመስላል።

«ባሮ ሽንኩርቷ የት ነው የምትኖረው?» አለ በመጨረሻ።

«ኮሌጁ የላከልን ደብዳቤ ላይ አድራሻዋ አለ፤ ካሩዥ።»

«የእኛው ካሩዥ? በትራም ሃያ ደቂቃ?»

«ጋሼ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ልብሴን ልለብስ» አለና ዘጋው።

ሽማግሌ አንድ ሆኖ አይሄድም፤ ሦስት መሆን አለበት። ሁለተኛው አቶ አስፋ ሆነ። አቶ አስፋ ሠላሳ አንድ ዓመት ለአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ከኋላ ወንበር የሰማውን ፈረንሳይኛ ሁሉ የያዘ፣ ስለ ራሱ ሲናገር «እኛ በድርጅቱ ሳለን» የሚል፣ ሰው አምባሳደር ነበር እንዴ ብሎ ቢጠይቀው ቶሎ የማያርም ሰው ነው። ሦስተኛውን ማግኘት አስቸገረ። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንዱ ሆስፒታል ቀጠሮ አለው፣ አንዱ ካልተከፈለ አልሄድም አለ፣ አንዱ ስለ ብሎንና ስለ ሽንኩርት ሲነገረው ስልኩን ዘጋው። ስለዚህ ፓስተር ዕዝራን ለመኑ። ዕዝራ እሑድ እሑድ የሃያ ሰባት ሰው ጉባኤ የሚመራ ጴንጤ ነው። በሥራ ቀን ደግሞ የትራም ቲኬት ተቆጣጣሪ ነው፤ ዛሬ ዕረፍቱ ነው።

«እኔ ነጠላ አልለብስም» አለ ዕዝራ ሲገናኙ፣ ገና ሰላም ሳይባባሉ።

«ማን ልበስ አለህ?» አለው አቶ አስፋ። «አንተ ዝም ብለህ ቁም። ቁመትህን ነው የፈለግነው።»

ትራሙ ውስጥ ሲገቡ ሰው ሁሉ ዕዝራን አይቶ ኪሱን መዳበስ ጀመረ። ሁለት ልጆች በሩ ሳይዘጋ ወረዱ። ዕዝራ እጁን እያወዛወዘ «ዛሬ አልሠራም» ቢልም ማንም አላመነውም፤ ነጠላ የተከናነቡትን ሁለት ሽማግሌዎች አዲስ የመደበቂያ ዘዴ አድርገው ሳያዩአቸው አልቀሩም። አምሃ በመስኮት እያየ ንግግሩን በልቡ ያሰናዳ ነበር። ጥሩ የሽምግልና ንግግር ከአዳም ይጀምራል፤ አዳም በደለ፣ ይቅርም ተባለ፣ እኛ ደግሞ የአዳም ልጆች ነን እያለ ወደ ጉዳዩ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የቸገረው ከአዳም ተነሥቶ የት ላይ ታጥፎ ባሮ ሽንኩርት ላይ እንደሚደርስ ነበር።

ባሮ ሽንኩርቷ፣ ስሟ ማዳም ቦቬ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በሯን የከፈተችው አንገቷ ላይ ነጭ ማሰሪያ አድርጋ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት። በር ላይ የተሰለፉትን ሦስት ጥቁር ሰዎች፣ ሁለቱ በነጭ የተከናነቡ፣ አንዱ ግዙፍ፣ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና «አመሰግናለሁ፣ እኛ ካቶሊኮች ነን» ብላ ልትዘጋ ስትል አቶ አስፋ በፈረንሳይኛ «ማዳም፣ ስለ ብሎኗ ነው የመጣን» አላት። በሩ ቆመ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ።

ሳሎኑ የተጠበሰ ቅቤ ይሸታል። መጽሐፍ ያልተቀመጠበት ወንበር ሦስት ብቻ ነው፤ እሷም ሦስቱን ጎተተችላቸው። በረንዳው ላይ የባሮ ሽንኩርቱ ልብስ ታጥቦ እንዲደርቅ ተሰጥቷል፤ ቅጠሎቹ በልብስ መቆንጠጫ አንድ በአንድ ተይዘው ውኃ ያንጠባጥባሉ። ሽማግሌዎቹ ጎን ለጎን ቆሙ። ተቀመጡ አለቻቸው። አልተቀመጡም። ውኃ ልስጣችሁ አለች። አይሆንም አሉ። አቶ አስፋ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በአገራችን ደንብ ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ እሺ እስኪሉት ድረስ አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም ብሎ አስረዳት።

«ጉዳያችሁ ምንድን ነው?»

«ብሎኗን ይቅር እንዲሉልን።»

«እሺ፣ ይቅር ብያታለሁ» አለች ማዳም ቦቬ። «አሁን ተቀመጡ።»

አምሃ ቅር አለው። ንግግሩ ገነትን ሳይለቅ ተፈቀደለት። አንድ ደቂቃ እንኳ ያልቆሙበትን ዕርቅ ዕርቅ ብሎ መጥራት ከበደው፤ ግን እሺ ከተባለ መቀመጥ ግዴታ ነው፤ ተቀመጡ። እሷም ወጥ ቤት ገብታ ገና ከምድጃ የወጣ ኬክ የመሰለ ነገር ይዛ መጣች፤ ቅቤና እንቁላል ያለበት፣ ከላይ በባሮ ሽንኩርት የተሸፈነ። ሴትዮዋ ራሷን ቆርሳ ያቀረበች መሰለው። እሱና አቶ አስፋ ረቡዕ ነው ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ አቶ አስፋ ግን ዓይኑን ከሳህኑ መንቀል አልቻለም፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚሸኘው ዘመድ ይመስል። ዕዝራ ረቡዕ አይመለከተውም። ሁለት ቁራጭ በላ።

«እሷ ነገረቻችሁ፣ አይደል?» አለች ማዳም ቦቬ፣ ሳህኑን ስታነሣ።

«ምኑን?» አለ አቶ አስፋ።

ሴትዮዋ ቀላች። መልሳ ተቀመጠች። ከእናንተ አይውጣ አለች። አቶ አስፋ ተረጎመ፤ አምሃም እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ለሽማግሌ የተነገረ ከሽማግሌ አይወጣምና። ከዚያ ነገረቻቸው። ማስኮቶች ከጨዋታ በፊት መተላለፊያው ላይ ተገናኝተው ይስማማሉ፤ ማን ይገፋል፣ ማን ይወድቃል፣ መቼ። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሕፃናት እውነት ስለሚመስላቸው ይህ ለማንም አይነገርም። ዓምና ጄኔቭ ላይ ብሎኗ ወድቃ ተንከባልላላታለች። ዘንድሮ የመውደቅ ተራው የባሮ ሽንኩርቷ ነበር። ተጨባብጠዋል። ብሎኗ በጭንቅላቷ ነካ ስታደርጋት በጀርባዋ ወድቃ እግሯን ወደ ላይ ታነሣለች፤ ስምምነቱ ይኸው ነበር። በዚያ ቀን ግን ሦስተኛው መደዳ ላይ የማዳም ቦቬ እናት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጃቸው ቡድኑን የምታጅብ ኃላፊ መምህርት ትመስላቸው ነበር፤ እህቷ ናት የትኛዋ እንደሆነች በጣቷ ያሳየቻቸው።

«እናቴ እያዩኝ እግሬን ማንሣት አልቻልኩም» አለች። «ነካችኝ፤ ቆምኩ። ሁለተኛ ነካችኝ፤ ቆምኩ። ሰው በእሷ መሳቅ ጀመረ። ከዚያ ወደ አዳራሹ ጫፍ ተመልሳ ስትሄድ ሳያት ገባኝ።»

በረንዳው ላይ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል። ሽማግሌዎቹ ይቅርታ ሊለምኑ የመጡት ቃሏን ያጠፈችውን ሴት ኖሯል። አምሃ በአቶ አስፋ አፍ፣ ይህንኑ ለጉባኤው ጽፋ ትስጥ እንደሆነ ጠየቃት። አልችልም አለች። ዳይሬክተሯ በመምህራን ፊት አበባ ሰጥቷታል፤ የጉዳት መድን ፎርም ሞልታለች፤ እናቷም ልጄ ተደበደበች ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል። «መድማዋዜል ያኔትን ይቅር ብያታለሁ» የሚል አንድ መስመር ግን ወዲያው ጻፈችላቸው። ፊርማዋ ከመስመሩ ይረዝማል።

የዙሪኩ ባቡር ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ቲኬቱም በግማሽ ዋጋ ካርድ እንኳ አጥንት ይሰብራል። ዕዝራ ከጄኔቭ እስከ ሎዛን ድረስ እውነቱን እንናገር ሲል ነበር። ከሎዛን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ።

«ጋሽ አምሃ፣ እግዚአብሔር እውነትን ነው የሚወደው። ልጅቷ ዓመቷን ልትቀማ ነው። እኛ እናውቃለን፤ ዝም ልንል ነው?»

«ለሽማግሌ ነው የነገረችን» አለ አምሃ። «ነገር የሚዘረግፍ ሽማግሌ ጋዜጣ ነው። ልጅቷ ራሷ ዝም ብላ የለ? እሷም ቃል አለባት። እኛ እሷን ለማዳን እሷ የጠበቀችውን ልናፈርስ ነው?»

«ደግሞስ» አለ አቶ አስፋ፣ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ ለመተኛት እየተመቻቸ፣ «የባለጉዳዩን ቤት ምግብ ሁለት ቁራጭ የበላ ሰው ምስክርነቱን ማን ይቀበለዋል?»

አምሃ አልተኛም። ወረቀቱን ከኪሱ እያወጣ ያየዋል፤ ያጠፈዋል። በየጣቢያው ንዴቱ እየጨመረ ሄደ። የተበደለችው ልጅ ተከሳሽ፣ የበደለችው ሴት ይቅር ባይ፣ እሱ ደግሞ በስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ የሁለቱንም ምሥጢር ተሸክሞ አገር የሚያቋርጥ ፖስታ ቤት። ቀኝ ጉልበቱ ከፍሪቡር ጀምሮ ሲጠዘጥዘው ነበር። ዙሪክ ሲደርሱ ከንዴቱ በቀር በእጁ ምንም አልነበረም።

ሂሩትና ያኔት ኦርሊኮን ጣቢያ ጠበቁአቸው። ሂሩት ለቀብር የምትለብሰውን ጥቁር ኮት ለብሳለች። ያኔት ረዝማለች፤ እጇን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከትታ፣ ሦስቱን ሽማግሌዎች፣ ነጠላውን፣ የአቶ አስፋን ክራቫት አየችና በግማሽ ጀርመንኛዋ «ኤኽት ጋሼ? እውነት? ለባሮ ሽንኩርት ሽማግሌ?» አለች።

«ለአንቺ ነው» አላት አምሃ።

«እኔ ይቅርታ አልጠይቅም። ለማማም ነግሬአታለሁ።»

«ጠይቂ ያለሽ አለ?»

ይህን አልጠበቀችም። እስከ ኮሌጁ ድረስ ሁለት እርምጃ ከኋላ ነበር የሄደችው።

የስብሰባው ክፍል የሙዚቃ ክፍል ሆነ፤ ሌላው ሁሉ ተይዟል። ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ከበሮ፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት። የኮሌጁ ኃላፊና የጉባኤው ሊቀመንበር ሬክተሩ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው፤ አጠገቡ ሁለት መምህራንና ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ጸሐፊ። ሁሉን ጨብጦ «እባካችሁ ተቀመጡ» አለ። ሂሩትና ያኔት ተቀመጡ። ሦስቱ ቆሙ። ሬክተሩ ወንበሩ ዝቅ ብሎባቸው መስሎት ሌላ አስመጣ። ቆሙ። መደገፊያ ያለው መጣ። ቆሙ። አንደኛዋ መምህርት ሮጣ ከስፖርት ክፍል ትልቅ ላስቲክ ኳስ አመጣች፤ ለወገብ ጥሩ ነው አለች። አቶ አስፋ ኳሱን በአክብሮት አየው። ሬክተሩ ሽማግሌ ቆሞ እሱ መቀመጥ ስለነወረው እሱም አልተቀመጠም፤ እሱ ካልተቀመጠ መምህራኑ አይቀመጡም፤ ሊቀመንበሩ ካልተቀመጠ ደግሞ ስብሰባው ተከፈተ ተብሎ አይጻፍም። ጸሐፊዋ ብቻ ጣቶቿን መጻፊያው ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች።

«ጤና ነው?» ሲል ሬክተሩ በፈረንሳይኛ ጠየቀ።

«ባህል ነው» አለ አቶ አስፋ።

ሬክተሩ ባለፈው መስከረም ሌሎችን ባህሎች ስለማክበር የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዷል። ስለ ባህሉ ቢያብራሩልን ደስ ይለናል አለ። ይህ ስሕተቱ ነበር። አቶ አስፋ ሠላሳ አንድ ዓመት ጉባኤተኛ ሲያመላልስ፣ መሪው ላይ ሆኖ፣ ሰው ምንም ሳይል እንዴት ረጅም ጊዜ እንደሚናገር ጥንቅቅ አድርጎ ተምሯል። «ክቡር ሊቀመንበር» ብሎ ጀመረ። ሽምግልና በሰሜን እንዴት እንደሆነ፣ በደቡብ እንዴት እንደሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለምን ትልቅ እንዳልሆነ፣ እኛ በድርጅቱ ሳለን ይህ ጥያቄ እንዴት በተደጋጋሚ ይነሣ እንደነበር ዘረዘረ። በመካከሉ የማዳም ቦቬን ወረቀት አቀረበ። ሬክተሩ አነበበና ደስ ይላል፣ ግን ይቅርታ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ የለም አለ።

«ጥያቄያችሁስ ምንድን ነው?»

«እሺ ይበሉንና እንነግርዎታለን» አለ አቶ አስፋ።

«ያልሰማሁትን ጥያቄ እንዴት እሺ እላለሁ?»

«ክቡር ሊቀመንበር፣ የነገሩ ቁም ነገር እዚያ ላይ ነው» አለ አቶ አስፋ፤ ያንንም ማብራራት ጀመረ።

አሥር ተኩል አለፈ። ጸሐፊዋ ለሬክተሩ በሹክሹክታ አንድ ነገር ነገረችው። ሬክተሩ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ሂሩት ጀርመንኛውን ሰምታ ቀስ ብላ ተነሣችና ወንድሟ ጆሮ ላይ ተጠጋች። «የፈተናው ምዝገባ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በኮምፒውተር ይዘጋል። የታገደ ካልሆነ በቀር የሁሉም ስም በራሱ ይገባል። ክፍሉም የተያዘው እስከ አሥራ አንድ ነው» አለችው። ከዚያ አጠገቡ ቆመች። ከፍቺዋ ወዲህ እንዲህ ተጠጋግተው ሲቆሙ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አምሃ ከዚያ በኋላ ያለውን ሃያ አምስት ደቂቃ በጉልበቱ ነው የሚያስታውሰው። ጉልበቱ መጀመሪያ ጠዘጠዘ፣ ከዚያ ተቃጠለ፣ ከዚያ የእሱ መሆኑን ተወ። ላቡ በነጠላው ስር ወረደ። ከተቀመጠ ስብሰባው ይከፈታል፣ ስብሰባው ከተከፈተ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሰዎቹ ፈጣኖች ናቸው። አንድ ጊዜ ሲወዛወዝ ዕዝራ በጀርባው በኩል ቀበቶውን ያዘለት፤ ተሳፋሪ ሳይወድቅ መያዝ የለመደ እጅ ነው። ፓስተሩ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ እውነት እንዲወጣ ይሁን ሰዓቱ እንዲሮጥ የሚጸልየው አይታወቅም። ከዚያ ያኔት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣች። ማንንም ሳታይ መጥታ በቀኙ ቆመችና ትከሻዋን ብብቱ ስር አስገባች። ሁለት ዓመት ብሎን የተሸከመ ትከሻ ነው፤ ክብደቱን ሁሉ ጣለባት።

ሬክተሩ አቶ አስፋን ሁለት ጊዜ ሊያቋርጠው አፉን ከፍቶ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ግን ሰዓቱን አየ፣ ልጅቷንና ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያም በፈረንሳይኛ «በሰሜን ያለውን ቢደግሙልኝ፣ በደንብ አልገባኝም» አለ። አቶ አስፋ ደገመለት።

ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት በሩ ተከፈተና ሠላሳ የሚሆኑ የመዘምራን ልጆች የዜማ ወረቀታቸውን ይዘው ገቡ። ሬክተሩ ፋይሉን ዘጋ። ስብሰባው ባለመከፈቱ ውሳኔ የለም፣ ውሳኔ ባለመኖሩ መዝገቡ ባዶ ነው አለ። ጸሐፊዋ የጻፈችው ቀኑን ብቻ ነበር። ሲወጡ ሁሉንም እንደገና ጨበጠ፤ የአምሃን እጅ ትንሽ ቆየት አድርጎ ያዘው።

ጣቢያው ላይ ወደ ጄኔቭ የሚመልሳቸውን ባቡር ለመያዝ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀራቸው። ሂሩት ለመንገድ ዳቦ ልትገዛ ሮጠች፣ ቅቤ የሌለበት። አቶ አስፋ መድረኩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ጫማውን አውልቆ ተዘረጋ፤ ዕዝራ አጠገቡ ተቀምጦ እግሩን አሸ። አምሃ ምሰሶውን ተደግፎ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለች ያኔት። «አለቀ እኮ።»

«ማንም እሺ አላለንም።»

«ሰዓቱ ነው ያለቀው፣ አይደል? ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ሰዓት እሺ አይልም።»

ሳቀች፤ ሳቁም ወዲያው ጠፋ። ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ የድሮው ፋብሪካ ግድግዳ ላይ አዲስ ፎቅ ተቀጥሎበታል፤ በየመስኮቱ መብራት መብራት ጀምሯል። አምሃ እሷን ሳያይ፣ ወደዚያ እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ተራዋ የእሷ ነበር።»

ያኔት ቀስ ብላ ዞረች። «ማን ነገርዎት?»

መልሱን ግን አልጠበቀችም። ጫማዋን አየች፣ ሐዲዱን አየች፣ አፍንጫዋን በጃኬቷ እጅጌ ጠረገች። አንድ ወር ሙሉ እናቷ ፊት ያልተለወጠ ፊቷ ለመለወጥ ትንሽ ሞከረና ተወው።

«ሁለቴ ነካኋት» አለች። «ቀስ ብዬ ነበር። ሁሉም ሳቁብኝ። ትንንሾቹ ሳይቀሩ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ምን ይፈልጋሉ?»

«ሽማግሌ ነኝ፣ ልለምንሽ ነው የቆምኩት» አለ አምሃ። «ሴትዮዋን ይቅር በያት።»

ባቡሩ ከሩቅ ታየ። ያኔት ረጅም ጊዜ አሰበች፤ እንደ ነጋዴ ነው ያሰበችው።

«በሚቀጥለው ጨዋታ ሁለቴ ከወደቀች።»

«በሚቀጥለው አንቺ እዚህ የለሽም፤ ፈተናሽን ታልፊያለሽ።»

«ለእኔ አይደለም። ከእኔ በኋላ ብሎኑን ለሚለብሰው። ሁለቴ። እግሯንም ታነሣለች።»

አምሃ በረንዳ ላይ የተሰጣውን አረንጓዴ ቅጠል፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ያደረጉትን አሮጊት አሰበ። ነገ ጠዋት ያን ደረጃ በዚህ ጉልበት እንደገና ሊወጣው ነው።

«ሁለቴ» አለ። «እግሯንም። እኔው ሄጄ እነግራታለሁ።»

«እሺ» አለች ያኔት።

አምሃ የአቶ አስፋን እግር በእጁ ገፋ አድርጎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ባቡሩ ሲቆም መነሣት አቃተው፤ ሦስቱም የሚቀጥለውን ጠበቁ።